የተላገው ሰደፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከአባባ ደስታ ነው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በአንድ ግቢ ስንኖር ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ግድግዳው ስስ፣ የእኔም ጆሮ ደህና ስለነበር ያመለጠኝ ወሬ የለም።

ያኔ መብራት ሲጠፋ ኩራዛቸውን ለኩሰው፣ ከሰል ማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ የአያታቸውን ጠመንጃ ጭናቸው ላይ ያጋድሙታል። ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ነገር ነው። ጨርቅ በኑግ ዘይት ነክረው እንጨቱን ቀስ እያሉ ያሹታል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን ሰደፉ ላይ በጩቤ ከተፈለፈሉት ምልክቶች አንዱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ተረቱም ከዚያ ይጀምራል። ሰባት ምልክት፣ ሰባት ተረት። ጅቡ ሰርግ ቤት ገብቶ ከሚዜዎቹ መሀል የተቀመጠበት ሦስተኛው ላይ ነበር።

«ዛሬ ስንተኛው ነው አባባ?» ስላቸው፣

«እኔ ምን አውቄ፣ ጣቴን ጠይቂው» ይሉኛል።

ጥፋቱ ከእኔ አፍ ጀመረ። ልጃቸው እታለም ካዛንቺስ ያለ አናጢ አግብታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ «እትዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ የአባባን ጠመንጃ የትኋን ቤት ይለዋል» አልኳት። ያልኩት እኔው ነኝ እንጂ ሰፈሩ ምንም አላለም። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ባሏ ግርማ «ላድሰው» ብሎ ሊወስደው መጣ።

«ዘይት ብቻ ቀባው» አሉት አባባ።

«ሐሳብ አይግባዎት፣ አዲስ ነው የማደርግልዎት!»

በሳምንቱ መለሰው። እንጨቱን በመላጊያ ልጎ፣ በቫርኒሽ አብለጭልጮ፣ የብረቱን ዝገት በአሲድ አጥቦ መስታወት አስመስሎታል። ግቢው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄን ይቁረጠው።

አባባ ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። የሚያስቆማት አጣች።

«ምልክቱስ?» አሉ።

«ያ ጭረት? እሱን እንኳ ድራሹን አጥፍቼልዎታለሁ፤ ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ» አለ፣ ምርቃት እየጠበቀ።

ምርቃት! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው የሰው ዕቃ ላይ መላጊያ ሲያነሳ አንዴ እንኳ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ አይጠይቅም? እኔንስ ማን አፍሽን ክፈቺ አለኝ?

አባባ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በማግስቱ ምሽት ሄጄ «ተረት» ብላቸው፣ «ከየት አምጥቼ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ኩራዙንም አላበሩትም።

አባባ ደስታ በሁለተኛው ክረምት አረፉ። ግርማ ጠመንጃውን ለአንድ ምግብ ቤት ሰጠው፤ በር ላይ ተሰቅሎ ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ከሰባቱ ተረት እኔ ጋ የቀሩት አራት ናቸው። እታለም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ስንገናኝ ያንን የትኋን ቤት ወሬ ማን እንዳወራው አሁንም ትጠይቀኛለች፤ አልነገርኳትም።