የተርብ ልጆች

ልጅ ሳለሁ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት እናፍቅ ነበር፤ አባባ ወርቁ ተረት የሚያወሩልኝ ያኔ ብቻ ነበርና። መብራት ካለ ሬዲዮናቸውን ነው የሚያዳምጡት። የጅቡቲ ሙቀት ሲከር ደግሞ መብራቱ ለመጥፋት ሰበብ አይፈልግም፤ ማራገቢያው ቀስ እያለ ይቆማል፣ የጋቦዴ ሰፈር ሰው በአንድ አፍ ያማርራል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ፋኖሱን ፍለጋ እሮጣለሁ።

አባባ ወርቁ የእናቴ አጎት ናቸው። የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ መስመር ከዞሩት የከባድ መኪና ሹፌሮች አንዱ ነበሩ፤ ኋላ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው እዚያው ቀሩ። እናቴ እኔን ለእሳቸው ሰጥታ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ፈረንጅ ቤት እየሠራች እዚያው ታድር ነበር። የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው፤ እሱም ማዳም እንግዳ ካልጠራች።

ከቤታችን ጀርባ፣ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ቲማቲም ተክለው ነበር። አፈሩን የድሮ ጓደኞቻቸው ከድሬዳዋ በጆንያ ያመጡላቸዋል። ሌላው ሰው ሽሮና በርበሬ ሲያስጭን እሳቸው አፈር ማስጫናቸው ጎረቤቱን ሁሉ ያስቅ ነበር። ትል ሲገባበት መርዝ ይርጩበት ቢባሉ፣ ልጅ የምትበላው ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ።

አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ ወፍራም አረንጓዴ ትል አገኘሁ። ጀርባው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ተሰክተውበታል። ልጨፈልቀው ድንጋይ ሳነሳ አባባ እጄን ያዙኝ።

«እሱንስ ተይው፤ የእኛ ሰዎች እሱ ውስጥ ናቸው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። የፋኖሱ ጋዝ እየሸተተን፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ስር የቀረው ፍም እየተንጣጣ፣ ተረቱን ጀመሩልኝ። ክር የምታህል ቀጭን ተርብ ነበረች፤ ልጆች አሏት፣ ቤት ግን የላትም። ስለዚህ ልጆቿን የሰባው ትል ዘንድ አስቀምጣቸው ሄደች። ልጆቹ እዚያው ሲበሉ ሲጠጡ አደጉ፤ እነሱ ሲወፍሩ ትሉ ከሳ፣ በኋላም በሩን ከፍተው ወጡ፣ ጀርባው ላይ ነጫጭ ጎጆ ቀለሱ፣ ትሉ አለቀ፣ ቲማቲሙ ዳነ። አባባ ሳቁ።

«እናታቸውስ ተመልሳ ትመጣለች?» አልኳቸው።

«ምን ልትሠራ?»

በሌላው ተረት ጅቡ ክፉ መሆኑን ሳይነገረኝም አውቅ ነበር። በዚህኛው ግን ለማን ማዘን እንዳለብኝ ጠፋኝ። ቤት የሌላት እናት፣ በሰው ቤት የሚያድጉ ልጆች። ቀና ብዬ በፋኖሱ ብርሃን አባባን አየኋቸው። ያን ሰሞን ከስተዋል፤ የአንገታቸው አጥንት ወጥቷል፣ ለቀበቷቸው በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተውለታል። በጣም ፈራሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ገና ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ ጠገብኩ ማለት ጀመርኩ። አባባ ወባ ይሆን ብለው ግንባሬን ይዳብሳሉ፣ እኔ ምግቡን ወደ እሳቸው እገፋለሁ። ዓርብ እናቴ መጣች። ከማዳም ቤት ያመጣችልኝን ኬክ እንኳ እምቢ ስላት ደንግጣ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ምን ሆነሽብኝ ነው? ንገሪኝ!»

«እኔ ከበላሁ አባባ ያልቃሉ!» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

በሳግ እየተቆራረጥኩ የተርቧን ነገር ነገርኳት። ተርቧ እንደማትመለስ ግን ሳልነግራት ቀረሁ። እናቴ ወደ አጎቷ ዞራ፣ «ይኼ ደግሞ ለልጅ የሚወራ ተረት ነው?» አለቻቸው። አባባ ወደ ጓሮ ወጥተው አንድ የበሰለ ቲማቲም ይዘው መጡ፤ በሽርጣቸው ጠረጉት፣ ቆርጠው ጨው ነሰነሱበትና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው የምተክለው? ብይ።»

በላሁ። እያንዳንዱን ጉርሻ ስውጥ ግን ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አልነቀልኩም፤ ሲቀንሱ የማያቸው መስሎኝ።

ያኔ ያከሳቸው የስኳር በሽታ መሆኑን የሰማሁት አድጌ፣ እሳቸውም ካረፉ በኋላ ነው። ዛሬ እኔም ቲማቲም እተክላለሁ። ጀርባው ነጫጭ የሆነ ትል ሳገኝ አልነካውም፤ ተርቦቹ ሥራቸውን ይሥሩ ብዬ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ተረቱ ስለ እኛ ይሁን ስለ ቲማቲሙ ብቻ እስካሁን አልለየልኝም። አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ፤ አባባ ያን ዕለት አላልቅም አላሉኝም። ብይ ነው ያሉኝ።