የእህቴ በር ቁመት

ቡሬ ያሰሩን ቤት ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ፤ ጠባቂው "ገና ሳትነካ?" ብሎ ሳቀብኝ። ውስጡ ሰው በሰው ላይ ነው። ግድግዳ መደገፍ የሽማግሌዎች ወግ ነበር፤ ሌላው መሃል ላይ ጉልበቱን አቅፎ ሲያነጥስ ይውላል። ጥፋቴ ሁለት ነው፤ በቀድሞው ሠራዊት መድፈኛ መሆኔና የእህቴ ባል መሸፈቱ።

አንድ ቀን በማለዳ በመኪና ወደ ጅጋ አቅጣጫ፣ ወደ አገራችን ወሰዱኝ። ኮረብታው ላይ መትረየስ ተጠምዷል። አዛዡ የጦር ሜዳ መነጽር ሰጠኝ።

"ያ ቤት ይታይሃል? መስታወቱ ላይ ያሉትን ጭረቶች ታውቃቸዋለህ። ርቀቱን ንገረኝ።"

የእህቴ ቤት ነው። ጢሱ በክዳኑ ይወጣል፤ በረቱ ገና አልተከፈተም። ሁሉም ቤት ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ፈርቼ ነበር።

"ጭረቱ ብቻውን አይናገርም" አልሁት። "የሚታየው ነገር ቁመት በሜትር መታወቅ አለበት። እሱ በሺህ ይባዛል፤ ከዚያ ነገሩ በሸፈነው የጭረት ቁጥር ይካፈላል።" ይህን ማንም መድፈኛ ያውቀዋል።

"የበሩ ቁመት ስንት ነው?"

በሩን ጠርቤ የገጠምሁት እኔ ነኝ። የሐሰት ቁጥር ልስጠው ብዬ አሰብሁ። ግን ጥይቱ የጎረቤት ግቢ ቢያርፍስ?

"ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ስንት ነው?"

"አልናገርም።"

በሰደፍ ጎኔን መታኝ። ያን ቀን አልተኮሱም፤ በእግር ወርደው ሲደርሱ የሚፈልጉት አማቼ እቤት አልነበረም። ከመተኮስ ያገዳቸው የእኔ ዝምታ ይሁን ሌላ ነገር፣ አላውቅም።

ማታ መጋዘኑ ሲመልሱኝ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቀና አሉ።

"ምን ፈለጉብህ ልጄ?"

"የአንድ በር ቁመት ጠየቁኝ፣ አባ።"

"ነገርሃቸው?"

"አልነገርኋቸውም።"

ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። "እንግዲያስ ግድግዳውን ተደገፍ" አሉ። እምቢ ብላቸውም አልሰሙኝም።

ዛሬ ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝ ስለ ዱላው እንዳወራለት ይፈልጋል። ዱላውስ ይረሳል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ፣ መነጽሩን ከዓይኔ ላወርድ ስል ያየሁት ነው። እህቴ ብቅ አለች፤ እጇን ግንባሯ ላይ ጥላ ወደ ኮረብታው ታማትር ጀመር። ማን እንደሚያያት አላወቀችም። እስካሁንም አልነገርኋትም።