ሐር በዘጠኝ ቁጥር፣ ሸራ በአስራ ስምንት

ሰፈሩ «እትዬ ጥፍር» ይላታል። አዲስ መርፌ ባወጣች ቁጥር ጫፉን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ሳትጎትት የስፌት መኪናዋ ላይ አትሰካውም። ጥፍሯን ከቧጨረ ጨርቅም ይቧጭራል ብላ ትጥለዋለች። ለሐር ዘጠኝ ቁጥር፣ ለጥጥ አስራ አራት፣ ለጂንስ አስራ ስድስት፣ ለሸራ አስራ ስምንት። ለከነቴራ ደግሞ ጫፉ ዶልዶም ያለውን ትመርጣለች፤ ሹል መርፌ ክሩን ይበጥስና ልብሱ አንዴ ሲታጠብ ወንፊት ይሆናል። ይህን ሁሉ ያስተማራት ባሏ ነበር። እሱ በሳል ማቅቆ ሲሞት መኪናው፣ መርፌዎቹና አንድ ነገረኛ ዋርሳ ቀሩላት።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት ሸራ ይሰፋል። ወንድሙ በተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት የሱቋን በር በእግሩ በርግዶ ገባ።

«መኪናው የወንድሜ ነው» አላት።

«እኔስ የማን ነኝ?»

«ዋርሳ የተባልኩት ለምን ይመስልሻል? ልወርስ ነዋ!»

«ታዲያ ሳሉን ምነው ሳትወርስለት ቀረህ?»

በጥፊ አላት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መስታወት ከጭንቅላቷ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ በመኪናዋ ሸራውን ይሰፋል፤ እሷ ጥግ ይዛ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች። ብትናገርም ይመታታል፣ ዝም ብትልም ይመታታል። አንድ ቀን በካውያ ክንዷን ጠበሳት። ጎረቤቷ ጫማ ሰሪው ሊገላግል ገብቶ ሁለት ጥርሱን አስረክቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጩኸቷ ሲመጣ መዶሻውን ጠንከር አድርጎ ይመታል፣ ጆሮው እንዳይሰማ።

እንቅልፍ የነሳት ግን ዱላው አልነበረም። መኪናው እያለቀ ነበር። ሸራውን አጣጥፎ ሲነዳበት ብረቱ ያቃስታል። መኪናው ከተሰበረ የምትበላበት ሌላ ነገር የላትም።

አንድ ቀን ሐር ስትሰፋ አርፍዳ፣ እሱ ሳይመጣ አስራ ስምንት ቁጥሮቹን በሙሉ ሰብስባ በወረቀት ጠቅልላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጎጠች። የሸራ መርፌ ያጣ ሰው ሸራ አይሰፋም ብላ ነው። እሷ ብትሆን አትሰፋም። ሰውን ሁሉ በራሷ መለካቷ አሳታት።

ዋርሳዋ መጥቶ ሳጥኑን በረበረ።

«ወፍራሙ የታለ?»

«አልቋል። ሌላ ቀን ስፋ።»

«መርፌ መርፌ ነው!» ብሎ መኪናው ላይ የቀረውን የሐር መርፌ ሳይነቅል አራት እጥፍ ሸራ አስገባበት።

«ተው፣ አይችልም! ይሰበራል!» አለች። የሳሳችው ለመኪናው እንጂ ለእሱ አልነበረም።

ፔዳሉን ረገጠው። መርፌው ቀጭ አለና ስባሪው ተስፈንጥሮ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

እንደ በሬ አገሳ። ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወረደ ተነስቶ ጸጉሯን ጨብጦ ጎተታት። ሲጎትታት የሸሸገችው የመርፌ ወረቀት ከደረቷ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። በቀረው ዓይኑ አየው።

«አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ ያጠፋሽኝ!»

እሷን ለቀቀና መኪናውን ከጠረጴዛው ፈንቅሎ ሊፈጠፍጠው ወደ ላይ አነሳው። ስሩ ገብታ ታቀፈችው። እሱ ወደ ወለሉ፣ እሷ ወደ ደረቷ ሲጓተቱ ብረቱ ወረደ፤ የግራ እጇ ከስር ተገኘ። የጣቶቿን ስብራት በጆሮዋ ሰማችው። ቀኝ እጇ መቀሱን አገኘ። ጭኑ ላይ ሰካችው፤ ነቅላ ደገመችው። በአንድ እጁ ዓይኑን፣ በሌላው ጭኑን ይዞ እያነከሰ ወጣ። ሁለተኛ በዚያ በር አልገባም።

ጫማ ሰሪው ደጃፉ ላይ ቆሞ ደሙን አየ።

«ሞተ እንዴ?»

«አይ፣ መዘውሩ ብቻ ነው የተጣመመው» አለችው፣ መኪናውን እንዳቀፈች።

መዘውሩን በመዶሻው አቀናላት። የእሷን ጣቶች የሚያቀና ግን አልተገኘም፤ ሦስቱ እንደ ደረቁ ቀሩ። ሐር ደግሞ በግራ እጅ ለስለስ ተደርጎ ካልተያዘ ይንሸራተታል።

ከወራት በኋላ አንዲት ሙሽራ ነጭ ሐር ታቅፋ መጣች።

«የእርስዎን እጅ አመስግነው ነው የላኩኝ፣ እትዬ።»

ጨርቁን በቀኝ እጇ ዳሰሰችው። ዳሰሰችውና አጥፋ መለሰችላት።

«ሌላ ሰፊ ፈልጊ፣ ልጄ። እዚህ ሸራ ነው የሚሰፋው።»