ለሽሽት የተመረጠ ካሜራ

መርሳ ውስጥ እንደ ጎረቤቴ እንደ ፎቶ አንሺው ስዩም ያለ ፈሪ አላውቅም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ እኔም ደፋር አይደለሁም። የእሱ ግን ለብቻው ነው። ገና ሰላም ሳለ እንኳ፣ ያን ትልቅ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ ጥቁሩን ጨርቅ ጭንቅላቱ ላይ ሲጥል፣ ከኋላው የሚመጣውን ስለማያይ ያልበው ነበር። ስለዚህ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቄ ይጠራኝና “አሰለፈች፣ ጀርባዬን እይልኝ” ይለኛል። ሱቄን ክፍት ትቼ ከኋላው እቆማለሁ። ሰው ሲስቅበት “ፈሪ ለእናቱ” ይል ነበር፤ እሱም አብሮ እየሳቀ።

በ2013 ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ወልድያ ተያዘች ሲባል ያን አባባል ተወው።

የዚያን ቀን መርሳ ባዶዋን ልትቀር ምንም አልቀራትም። ስዩም ከአባቱ የወረሰው ካሜራ ወፍራም እንጨትና ናስ ነው፤ አቅፎት የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር መያዝ አይችልም። እናቱ እማማ በላይነሽ ደግሞ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። መኪና የለም። በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ካሜራውን አንዴ እናቱን ሲያይ፣ “እኔ እከብድሃለሁ፤ እሱን ያዝ፣ እንጀራህ ነው። እኔን አሮጊቷን ማን ይነካኛል?” አሉት። አመናቸውና እያለቀሰ ሄደ። እኔ ሱቄን ትቼ የት እገባለሁ ብዬ ስለ ነበር የቀረሁት፣ እሳቸውን የማየቱ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ።

ካሜራው ውጫሌ እንኳ ሳይደርስ መንገድ ላይ ካገኘው አይሱዙ ጭነት መኪና ላይ ወድቆ እንክትክቱ ወጣ። ደሴም ስትያዝ ስዩም ደብረ ብርሃን ድረስ ዘለቀ። በታኅሣሥ ሲመለስ እናቱ በሕይወት ነበሩ። እግራቸው ላይ ተደፍቶ ቀና ማለት አቃተው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ኑሮ ኑሮ ካሉት ነው። “ተመልሰው ይመጣሉ” የሚል ወሬ ጠዋት ይነሳል፣ ማታ ይተኛል፣ በነጋታው ደግሞ ይነሳል። ኮሽ ባለ ቁጥር እንነጥራለን። ሥራው ግን ነበረ፤ መታወቂያውን የቀበረው፣ ያቃጠለው፣ የጠፋበት ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። የዘመኑ ፎቶ ቤቶች ኮምፒውተርና ማተሚያቸው ተዘርፏል። መብራት የማይፈልግ ካሜራ ያለው ሰው ያን ጊዜ ንጉሥ ነበር፤ ስዩም ግን ካሜራ የለውም።

አብዱሰመድ የሚባሉ ሥራ የተዉ ፎቶ አንሺ ወልድያ ላይ የቀድሞ ካሜራዎቻቸውን እንደሚሸጡ ሰማ። ብቻውን መሄድ ስለ ፈራ እኔን አስከተለ።

ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሁለት አቀረቡለት። አንዱ የብረት ነው፤ ዋጋውም እንደ ክብደቱ ነው። ንፋስ አይነቀንቀውም፣ ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው እያሉ እንደ በሬ ደባበሱት። ሌላው የሚታጠፍ፣ ከስስ እንጨት የተሠራ ነው፤ ሲዘጋ የመሶብ ክዳን አያክልም፣ ሲከፈት ሆዱ እንደ አኮርዲዮን ይለጠጣል። ዋጋው የስዩም ኪስ የሚችለው ነበር። ሽማግሌው ግን እውነተኛ ሰው ናቸውና ነውሩን አልደበቁም፤ ንፋስ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱም ሳይበሳ አይቀርም አሉ።

ቀዳዳውን ለማየት ሦስታችንም ጨለማ እቃ ቤት ገባን። ስዩም ባትሪ አብርቶ የካሜራው ሆድ ውስጥ ከተተና ከውጭ ሆኖ ብርሃን የሚያሾልከውን መፈለግ ጀመረ። እጥፋቱ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የምታበራ አንዲት ነጥብ አገኘ። ያኔ ውጭ አንድ ነገር ፈነዳ። መሬት ላይ እንዴት እንደ ተኛሁ አላውቅም። የጭነት መኪና ጎማ ኖሯል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከሁላችን ቀድመው የተኙት ሽማግሌው መሆናቸውን ሳይ ሳቅ አፈነኝ። ቀዳዳውን በጥቁር ጨርቅ እኔ እደፍነዋለሁ አልኩና ወጣን።

ስዩም ግን አልጨረሰም። ጥግ ላይ የቆመ የማሽላ ጆንያ አየና ስንት እንደሚመዝን ጠየቀ። ግማሽ ኩንታል ቢሆን ነው አሉት። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ጀርባው ላይ አወጣና የብረቱን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥይልኝ አለኝ። የግቢው በር ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ቄጤማ ሆነ። የእንጨቱን ደገምን። በእሱ ግቢውን ዞረው፤ ቀጥሎም በጆንያው ሥር እያቃሰተ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። እኔ ገብቶኝ ስለ ነበር ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ።

“ልጄ፣” አሉ ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው፣ “ካሜራ የሚመረጠው በሌንሱ ነው። ጆንያውን ምን አመጣው?”

“ጋሼ፣ እናቴ ናት” አላቸው፣ እንደ ተሸከመ።

ሽማግሌው ጆንያውን ከጀርባው አወረዱለትና “አብሽር” አሉት። ከዋጋው ቀነሱለት። ከብረቱ ካሜራ ላይም የቆዳ ማንገቻውን ፈትተው ሰጡት።

በዚያ ካሜራ የመርሳንና የጎረቤቷን የግራናን ሰው ፎቶ አነሳ። ንፋስ ሲመጣ ከመቆሚያው ላይ ድንጋይ ያንጠለጥላል፤ እኔም እንደ ድሮው ጀርባውን አያለሁ። እናቱን የሚያዝልበት ሰፊ አንቀልባ ከጠንካራ ጨርቅ ሰፋሁለትና ከካሜራው ጎን በር ላይ ተሰቀለ። በእሳቸው ላይ ግን አልሞከረውም። መሞከሩ ጦርነቱን መጥራት መሰለው። ማጠቡን፣ ማንሳቱን፣ ፀሐይ ላይ ማውጣቱን እማማ በላይነሽ ለእኔ እንጂ ለወንድ ልጅ አይፈቅዱም ነበር።

በ2014 ነሐሴ መጨረሻ በቆቦ በኩል ከባድ መሣሪያ ማጓራት ጀመረ። ከወልድያ ሰው እየጎረፈ በመርሳ አለፈ። በዚህኛው ዙር እኔም ለመቅረት ወኔ አጣሁ። ስዩም ካሜራውን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩ ነጥቶ ጠበቀኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለልኝ፤ እናቱን ጀርባው ላይ አድርጌ አንቀልባውን አሰርኩ። ተነሥ ስለው ወልድያ ላይ እንደ ሞከረው ለጆንያው ክብደት ጉልበቱን አጠንክሮ ብድግ ቢል፣ ወደ ፊት ተፈናጥሮ ግድግዳውን ሊመታ ሆነ።

ባለበት ደርቆ ቀረ።

“እማዬ?” አለ።

“አለሁ” አሉት።

ወደ ውርጌሳ የሚወስደው መንገድ ሰውና አህያ ሞልቶት ነበር። ከኋላችን ሲያጓራ ሁላችንም አንገታችንን እንቀብራለን፤ ያ ቅጠል ሲወድቅ የሚደነግጥ ሰው ግን ዞር ብሎ አላየም። ጥቂት ይሄድና “እማዬ?” ይላል። “አለሁ” ሲሉት ይቀጥላል። መተንፈሳቸውን አላምን ብሎ ነው፤ ጀርባው ላይ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር።

አንድ ዋርካ ሥር ቆመና ዞረብኝ። ፊቱን ሳይ ምን ሊጠይቀኝ እንደሆነ አወቅሁ፤ ከመድፉ ይልቅ እሱን ፈራሁ።

“አሰለፈች፣ ያኔም እንዲህ ቀላል ነበረች?”

እሱ በሄደ ማግሥት እማማ በላይነሽን ብቻዬን ታቅፌ ፀሐይ ላይ አውጥቻቸዋለሁ። የጨርቅ ጥቅል ሳነሳ የማለከልክ ሴት፣ እሳቸውን ሳነሳ ትንፋሼ እንኳ አልተለወጠም። በሸሸበት ቀን ካሜራውን በደረቱ አቅፎ፣ እሳቸውን በጀርባው አዝሎ መሄድ ይችል ነበር።

“ያኔ ይከብዱ ነበር” አልኩት። “በኋላ ረሃቡ ነው ያከሳቸው።”

እማማ በላይነሽ በትከሻው ላይ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። የማውቀውን ያውቃሉ። ከዚያ በዚያች በቀጭን እጃቸው የልጃቸውን አንገት ከማንገቻው ሥር ዳበስ አደረጉት።

“እከብድ ነበር ልጄ። ነግሬህ የለ? በል ሂድ።”

ሄደ። እኔም ከኋላ ሆኜ ጀርባውን እያየሁለት ተከተልኩ።