ቆቡ ሳይጫንብኝ

ከአገሬ የወጣሁበት ምሽት ቤታችን ድግስ ድግስ ይሸት ነበር። ጋኑ በጠላ ሞልቶ ተከድኗል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ዘመድ ከየመንደሩ ተጠርቷል። የድግሱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ የሚጠብቀኝ ግን ቆብ ነው። ትልቋ ልጄ ጥሩወርቅ በገዛ እጇ የሰፋችው ቢጫ ቆብ ከሙዳዩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። በማግሥቱ ጸጉሬን ይላጩኛል፣ የነፍስ አባቴ ይጸልዩና ቆቡን ይጭኑልኛል። ከዚያ ወዲያ ይርገዱ መባሌ ይቀርና እማሆይ እባላለሁ፤ መቋሚያ ይዤ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ፤ ሠርግ ቤት ከበሮ ሲደምቅም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በእኛ በሽንዲ ገጠር ባሏ የሞተባትና መውለድ ያቆመች ሴት ብዙውን ጊዜ ትመነኩሳለች። ክፉ ነገር አይደለም። እናቴም መንኩሳ ነው የሞተችው፣ ያውም ደስ ብሏት። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሃምሳን አልፌ ነበር፤ በምን ያህል እንዳለፍኩ ማንም አያውቅም፣ ጉልበቴም ወሬውን አልሰማም። በጥር ወር የወንድሜ ልጅ ሲያገባ እስክስታ ገባሁ፤ ልጃገረዶቹ አንድ በአንድ እያለከለኩ ሲቀመጡ እኔ ቀረሁ። ዘመዶቼ አጨበጨቡልኝ። በማግሥቱ ግን ተሰብስበው መከሩብኝ፣ ጥሩወርቅም «አፈርኩብሽ፣ እማ» አለችኝ። የነፍስ አባቴንም ላኩብኝ።

«ልጄ፣ ይህች ዓለም እኮ አላፊ ናት» አሉኝ።

«ትለፍ፣ አባቴ። እስክታልፍ ድረስ ግን ልያት።»

«እስተዛሬ አላየሻትም?»

«እስተዛሬማ አጎንብሼ ስፈጭ ነበር። ብዙም አላየኋት።»

ሳቃቸው መጥቶ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ድግሱ ግን አልቀረም።

ሌላው ሁሉ ይሁን ብል እንኳ ጸጉሬን መስጠት አልሆነልኝም። ጥሩወርቅን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሹሩባ የምሠራት እኔ ነኝ። አግብታ፣ ወልዳ እንኳ በዓል ሲቃረብ መጥታ ራሷን ከጉልበቴ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ እኔ እሷን እሠራለሁ፣ ከዚያ እሷ እኔን። ያቺው ልጄ ናት እንግዲህ ምላጩን ያዘጋጀችልኝ። በጣም ከፋኝ።

«ውሃ ጎድሏል፣ ልጨምር» ብዬ እንስራዬን አዝዬ ወጣሁ። ፍልሰታ ገና መፈታቷ ነው፤ የክረምቱ ወንዝ ዳርና ዳሩን እየገመሰ ይወርዳል። እንስራውን ከዳር አስቀመጥኩት፤ መቼም እንስራ አዝሎ የሚሰደድ ሰው አላየሁም። ከላይ ባለው ድልድይ ተሻገርኩና የቡሬን መንገድ ያዝኩ። ስለ እንስራው ከዚያ በኋላ አላሰብኩም፤ ማሰብ ነበረብኝ።

ቡሬ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። እዚያ መቅረት አይሆንም፤ በየመሸታ ቤቱ ዘመድ አለኝ። ጠላ አቅርበው «ወዴት ነው ደግሞ?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ የእህል ጭነት ከጫነ መኪና ላይ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ።

ሰው ስደት ሲባል ሱዳንን ነው የሚያስበው። እኔ የተሰደድኩት ፍኖተ ሰላም ነው፤ እባካችሁ አትሳቁ። ሽንዲ ላይ ሰው ሲያገኝሽ ልጆቹን፣ ላሟን፣ ዝናቡን፣ የጎረቤትሽን ትኩሳት ሳይቀር ይጠይቅሻል። እዚህ «ታዲያስ» ይልና ያልፋል፤ እኔ መልሴን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ፉርኖ ዳቦ የሚሉት አለ፤ ሲያዩት ትልቅ፣ ሲበሉት አየር። የዳጉሳ እንጀራችን አንዱ ብቻ እስከ ማታ ያውል ነበር። መኮሮኒ የሚባለውንም ቀመስኩት፤ መሐሉ ባዶ የሆነ ምግብ ሠርቶ መሸጥ እንዴት ያለ ድፍረት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ቤት ፍለጋ ወይዘሮ ተዋቡ የሚሏት አከራይ ደጅ ቆምኩ።

«ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ልጆችስ?»

እዚህ ላይ ነው አዲሷ ይርገዱ የተወለደችው። «እኔ ገና ነኝ» አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ገና ምን?»

«በቃ፣ ገና ነኝ።»

«ማታ ማታ የሚመጣ ሰው አለ?»

«ከመጣ እነግርሻለሁ።»

«እኔ እንዲህ ዓይነቷን አላከራይም» አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ። ዝናብ ሲጥል ነው ምክንያቱ የገባኝ፤ ቤቱ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ይዘንባል።

መስከረም ጠባ፣ በርበሬው ደረሰ። መጋዘን ውስጥ ከወጣት ሴቶች ጋር ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥስ ጀመር። ኃላፊው «ይህ ሥራ ለወጣት ነው» ቢለኝ «ለዚያ አይደል የመጣሁት» አልኩት። ቀኑን ሙሉ እናስነጥሳለን፣ እናለቅሳለን፣ እንስቃለን። ልጆቹ «ይርጌ» አሉኝ። ሽንዲ ላይ እኔን በቁልምጫ የሚጠራ ሁሉ ሞቶ አልቋል፤ ስሜን አሳጥረው ሲጠሩት ዕድሜዬም አብሮ ያጠረ መሰለኝ። ኮንጎ ጫማና ጉርድ ቀሚስ አስገዙኝ። ቅልጥሜን ፀሐይ ሲነካው አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ፤ አሁንም ድረስ ደስ ይለኛል።

ከዚያ የማታ ትምህርት ልመዝገብ ሄድኩ። መዝጋቢው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል።

«ዕድሜ?»

«ስንት ነው የምትቀበሉ?»

«እስከ አርባ።»

«እንግዲያው ሠላሳ ስምንት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ ተወለዱ?»

«በአንበጣው ጊዜ።»

«በየትኛው አንበጣ? አንበጣ እኮ ብዙ ጊዜ መጥቷል።»

«የመጨረሻውን ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

ጻፈው። በመንግሥት ቀለም ከጥሩወርቅ ብዙም የማልበልጥ ሆኜ ወጣሁ። ይህን የምጽፍላችሁም በዚያ ቤት በተማርኩት ፊደል ነው፤ ቀለሙ ከተዛነፈ የአስተማሪው ጥፋት ነው።

በርበሬው ሳያልቅ በገበያ ቀን ከአገሬ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምኩ። አያ ቢረሳው ነው፤ በበቅሎ እህል የሚነግድ ጎረቤታችን። አየኝና ልጓሙን ለቀቀ። በቅሎዋ ሄደች። እሱ ግን ሦስት ጊዜ አማተበ።

«በሥላሴ ስም፣ ማነሽ አንቺ?»

«ይርገዱ ነኛ፣ አያ ቢረሳው።»

«ይርገዱስ ሞታለች። ውሃ ወስዷታል። ተዝካሯን እኔ ራሴ በልቻለሁ።»

ያኔ ነው እንስራዬ ትዝ ያለኝ። ከሞላ ወንዝ ዳር ለብቻዋ የተገኘች እንስራ፤ ሰው ምን ሊል ኖሯል? ጎረምሶች ገብተው እስከ ታች ድረስ ፈለጉኝ አሉ። ሲያጡኝ ተለቀሰልኝ፤ የምንኩስናዬ ድግስም በዚያው ተዝካሬ ሆነ። ዘመዱም ለምንኩስናዬ ተጠርቶ ስለነበር ማንም አልቀረ።

«ጠላውስ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«እሱስ ግሩም ነበር፣ ነፍስ ይማር» አለ ሳያስበው።

«እኔው ነኛ የጠመቅሁት።»

ይኼን ስለው አመነኝ። ከመንገድ ዳር ተቀምጦ በእጁ ፊቱን ጠረገ፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁትም። ከዚያ ቀሚሴን፣ ጫማዬን፣ ሹሩባዬን አየ። «ወዝሽ ምነው እንዲህ? ለካ የሞተ ሰው አያረጅም» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ከፋኝ። ጥሩወርቅ ሞቼባት ከርማለች፤ እኔ ደግሞ ያንን ወራት ሁሉ ኮንጎ ጫማ ስመርጥ ነበር።

በቢረሳው ላክሁባት፤ ለመጪው ገበያ ቡሬ ቴሌፎን ቤት መጥታ ትጠብቀኝ ብዬ። በቀኑ ከመጋዘን ፈቃድ ወሰድኩ። ልጆቹ «ወደ ማን ነው የምትደውይው?» ሲሉኝ «ወደ እህቴ» አልኩ፤ ደጁ ድረስም ሸኙኝ።

ቴሌፎኑን የሚያገናኘው ጎልማሳ ገና ከአንደኛው «ሃሎ» ላይ አስቆመኝ።

«አይጩሁ፣ ይሰማል።»

«ቡሬ ድረስ ሳልጮህ እንዴት ይሰማል? ዓይንህ አያይም እንዴ ርቀቱን?»

«ሽቦው ነው የሚያደርሰው፣ እናቴ።»

«እናቴ አትበለኝ» አልኩት። በዚህ መሐል ከወዲያኛው ጫፍ ትንፋሽ ተሰማ።

«እማ?» አለች ጥሩወርቅ።

«እኔ ነኝ።»

የቡሬ ገበያ ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል፤ አንድ በግ ይጮሃል።

«በደኅና ነሽ?» አለች።

«በደኅና ነኝ። ቆቡስ አለ?»

«ተሙዳዩ ላይ አለ። ማንም አልነካው። ነይና ግቢ፣ እማ። ሰው ይስቅ ይሆናል እንጂ ይተወዋል።»

«ቆቡ እያለ አልመጣም።»

«ጫማ አድርጋለች አለ አያ ቢረሳው። ቀሚሷም አጭር ነው አለ። ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ?»

«አያታችሁ ተነሥታለች በያቸው።»

የምትስቅ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

«ጠጉሬን ተላጨሁልሽ» አለች።

በእኛ አገር እናቷ የሞተችባት ልጅ ጸጉሯን እንደምትላጭ አጥቼው አይደለም፤ እኔም ለእናቴ ተላጭቻለሁ። ስንት ነገር ሳስብ ይህ ብቻ እንዴት አልመጣልኝም? እኔ ጸጉሬን ይዤ ወጣሁ፣ ልጄ በዚያው ለእኔ በተዘጋጀው ምላጭ የእሷን አጣች።

«አሁን አድጓል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለጥምቀት ይደርሳል። ማን ይሥራልኝ?»

አፌን ስከፍት ጎልማሳው «ሰዓት አልቋል» አለ። «ትንሽ» አልኩት። «መስመሩን ሌላ ሰው ይፈልገዋል፣ እናቴ» አለ። በዚያን ጊዜ እናቴ ማለቱን አልከለከልኩትም። ሽቦው ተቋርጦ ነበር።

ስወጣ የበርበሬ ልጆች ደጁ ላይ ቆመዋል።

«እህትሽ ምን አለች፣ ይርጌ?»

«እህቴ አይደለችም» አልኳቸው። «ልጄ ናት፤ የመጀመሪያዬ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ቆይታ ክንዴን ያዘችኝ፤ እንዲሁ እንደያዘችኝ መጋዘኑ ደረስን። በማግሥቱም ይርጌ አሉኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

እንግዲህ እናንት ሽንዲ ያላችሁ፣ ይህን ለጥሩወርቅ የሚያነብላት ካለ ያንብብላት። ወደዚያ እንዳልመጣ ቆቡን እፈራለሁ። እሷም ወደዚህ እንዳትመጣ ቀሚሴን ታፍርበታለች፤ ልጄን አውቃታለሁ። ቤቴ ያፈሳል ግን ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ደረቅ ጥግ አለው። ማበጠሪያም ገዝቻለሁ፣ ቅቤም አለ። መንገዱን አያ ቢረሳው ያውቀዋል። ጥምቀት ደርሷል፣ ጸጉሯም እያደገ ነው።