ባዶ ፍላሽ ለእንግዶች

እኛ ፎቶ አንሺዎች አንድ ብልሃት ነበረን፤ ዛሬ ብናገረው ማንም አያስረኝም። ሠርግ ላይ ፊልም ሲያልቅብን ካሜራውን ዓይናችን ላይ ደግነን የፍላሹን መሞከሪያ ቁልፍ ብቻ እንጫናለን። ፍላሹ ቦግ ይላል፣ ካሜራው ምንም አያነሳም። ሰዉ ግን ተነሳሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ባዶ ፍላሽ እንለው ነበር። እኔ ፊልም ሳያልቅብኝም ተጠቅሜበታለሁ፣ ደግሞም አልጸጸትም።

ቡታጅራ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ያኔ ፊልም የሚታጠበው አዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ ነበር። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው፣ አንድ ጥቅል ፊልም ሰጡኝና "ትምህርት ቤት የሴቶች መረብ ኳስ ፍጻሜ አለ። ከወልቂጤ እንግዶች ይመጣሉ፤ እነሱን አደራ" አሉኝ።

"ተጫዋቾቹስ?"

"ዋንጫ ሲቀበሉ አሰልፈሽ ታነሻቸዋለሽ።"

የበልግ ዝናብ ሜዳውን ስላጨቀየው ጨዋታው የተደረገው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሁለት አምፖል በርቷል፤ ያም በርቷል ከተባለ። ገና ሳልገባ አንዲት ቀጭን ረጅም ተጫዋች በሩ ላይ ያዘችኝ።

"እህቴ፣ እናቴ እንሴኖ ገበያ ሽንኩርት ትነግዳለች። ስጫወት አይታኝ አታውቅም። ከዛሬ ወዲያ ኳስ በቃሽ ብላኛለች። ስዘል አንሺኝና ላሳያት። ቆሜማ አይደለም፤ ቆሜማ በየቀኑ ታየኛለች።"

እሺ አልኳት። ቃሌ ቃል ነው።

የመጀመሪያውን ፍላሽ ያበራሁት የእኛ ቡድን ልጅ ኳስ ልትለጋ ስትል ነበር። ካሜራ ሲያዩ ቀጥ ብሎ መቆም ያደግንበት ነገር ነው፤ ልጅቷም ኳሱን ለቀቀችና እጇን ከጎኗ ለጥፋ፣ አንገቷን አቅንታ ቆመችልኝ! ኳሱ እግሯ ሥር ወደቀ። ነጥቡ ለተቃራኒ ቡድን ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ የስፖርት መምህሩ ግን እየሮጠ መጣ።

"ልጆቹን አሳወርሻቸው! ሁለተኛ ብልጭ ብታደርጊ ትወጫለሽ!"

"ያለ ፍላሽ እዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ላንሳ? ጥላ?"

"እንግዶቹን አንሺያ! ለነሱ አይደል የመጣሽው?"

ደሜ ፈላ። እዚያ ወለል ላይ አሥራ ሁለት ልጆች ላባቸው እየተንጠባጠበ ይጫወታሉ፤ እኔ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ላነሳ ነው? አልወጣሁም። የፍላሹን አናት ከልጆቹ ዓይን መልሼ፣ ኖራ ወደተቀባው የጎን ግድግዳ አዞርኩት። ብርሃኑ ከግድግዳው ነጥሮ ለስለስ ብሎ ወረደባቸው። ዳግመኛ ማንም ቆሞ አላየኝም። ልጆቹ ሳይደናገሩ ሲጫወቱ ሲያይ መምህሩም ትቶኝ ሄደ።

የፍላሹ ጣጣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። አንዴ ካበራ በኋላ እንደ ትንኝ እየጮኸ እስኪሞላ እስከ አሥር መቁጠር አለብሽ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ ከእንግዶቹ መሃል ሆነው በእጃቸው ይጠሩኛል። እዚያ ሄጄ ባበራ፣ ልጅቷ ስትዘል ፍላሹ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

በየዕረፍቱ ግን ሄድኩላቸው። መሞከሪያውን ቁልፍ እየተጫንኩ ቦግ! ቦግ! ዳይሬክተሩ ከረባታቸውን አስተካክለው፣ ቦታ ቀይረው፣ ዋንጫውን አቅፈው ሦስት ዓይነት ቆሙልኝ። አንድም ፎቶ አላነሳኋቸውም። ፊልሙ በሙሉ ያለቀው ልጆቹ ላይ ነው።

ፎቶው ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ እውነቱን ልናገር፣ አብዛኛው አይረባም ነበር። ግማሽ ኳስ፣ የሰው ጀርባ፣ የተጨፈነ ዓይን። አንዷ ግን፣ ያቺ ቀጭን ልጅ በአየር ላይ እንዳለች፣ እጇ ከመረቡ በላይ፣ እግሯ ከመሬት ርቆ! ሳያት ጮህኩ። ወዲያው ወስጄ ሰጠኋት።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ፎቶ ቤት ድረስ መጡ። የቀሩትን ፎቶዎች አገላብጠው አገላብጠው፣ "እኔ የታለሁ?" አሉ።

"የሉም።"

"እንዴት የለሁም? ስንት ጊዜ ብልጭ አድርገሽብኛል እኮ!"

"ለእርስዎ ብልጭታውን ሰጠሁዎት። ፊልሙን ለልጆቹ።"

ፊታቸው በርበሬ መሰለ። በሩን ወርውረው ዘግተው ሲወጡ ጋሼ ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ ቁጭ ብለው በእኔ ስም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፊልሙ ተበላሽቶብኝ ነው የሚል። ባንኮኒው ላይ አደረጉልኝ።

"ፈርሚ። አለበለዚያ ሌላ ሥራ ፈልጊ።"

"ጋሼ፣ ምንም የተበላሸ ፊልም የለም።"

እንዲህ እንደተፋጠጥን አንዲት ሻሽ ያሰሩ ሴት "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ። ከጉያቸው ያቺን ፎቶ አወጡ። የልጅቷ እናት ናቸው።

"ይህን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።" ለሌላ ጠብ ተዘጋጀሁ።

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት።

"በግራ እጇ ነው እንዴ የምትመታው? ከሕፃንነቷ ጀምሮ ግራ እጇን እየቆነጠጥኩ በቀኝ ያስለመድኳት መስሎኝ ነበር።" በአውራ ጣታቸው በልጃቸው እግርና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። "ወላሂ፣ ይህን ያህል ከፍ የምትል ከሆነማ ትምታ። በፈለገችው እጅ ትምታ።"

እኔም ደብዳቤውን ሳልፈርም ለጋሼ መለስኩላቸው፤ ካሜራቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ከሴትዮዋ ጋር ወጣሁ።