ከወሩ የቀደመ ሆድ

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ካውያ» ይሏታል። አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የምትተኩሰው እሷ ስለሆነች ብቻ አይደለም። የነካት ሳይቃጠል አይመለስም። አለቃዋ እንኳ ሊቆጣት ሲመጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ መጀመሪያ ፊቷን ያያል።

ቤቷ ስትገባ ግን አማቷ አሉ። ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣም ከሁለቱ መሃል ላለመግባት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ያን ዓመት ባልየው ረጅም ሥራ ይዞ ወራት ርቆ ቆየ። በተመለሰ ሰሞን ካውያ ፀነሰች፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ጭነት ይዞ ወጣ። ማስታወክ የጀመራት ወዲያው ነው። ውሃ እንኳ አይረጋላትም። ማጠቢያ ክፍሉ በእንፋሎት ሲታፈን ካውያውን አስቀምጣ ወደ ፍሳሹ ትሮጣለች፤ ስትመለስ ልቧ ድው ድው ይላል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን የሰርግ የጠረጴዛ ልብስ አቃጠለች፤ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛ ወሯን ሳትጨርስ ሆዷ የአምስት ወር መሰለ። አማቷ መጀመሪያ «መንታ ነው!» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። በኋላ ግን ዓይናቸው ሆዷ ላይ እየቆየ መጣ። አንድ ጠዋት ቀሚሷ አልዘጋ ብሏት ስትታገል በሩ ላይ ቆመው አዩዋትና፣

«ልጄ የመጣው መቼ ነው?» አሉ።

«ያውቁት የለ እንዴ እማማ?»

«አውቃለሁ። ይሄ ሆድ ግን ልጄን ቀድሞ የመጣ ነው።»

ካውያ ደሟ ፈላ። «ይድገሙት!» አለቻቸው።

«እደግመዋለሁ። ጎረቤቱም ይድገመው።»

ጎረቤቱም ደገመው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ለማስታወኩ ብላ ሰፈር ውስጥ ያለች ክሊኒክ ብትሄድ የጤና ባለሙያው ሆዷን በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «አምስተኛ ወርሽን ይዘሻል፤ ቀኑን ተሳስተሽ ነው» አላት። ማሽን አላሳያት፣ ደም አልመረመራት። አብረዋት የሄዱት አማቷ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

ሾፌሩ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «እናቴ የምትለው ነገር…» ብሎ ጀመረ።

«አንተስ? እሳቸው ያሉትን ትላለህ?»

መሬት መሬቱን አየ። ካውያ አልጋቸውን ለእሱ ትታ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች።

በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ እያለች ደም ፈሰሳት። ጓደኛዋ አጣቢዋ፣ እጇ በሳሙና ብዛት የተላጠ ደግ ሴት፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ታክሲ አስቁማ ሆስፒታል ወሰደቻት። አልትራሳውንድ ክፍሉ ጠባብና ቀዝቃዛ ነበር። ዶክተሯ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተች።

«ልቡ ይመታል?» አለች ካውያ።

ዶክተሯ ወንበሯን አስጠጋች። «እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ልጅ የለም።»

«ታዲያ ይሄ ሆድ ምንድን ነው?»

«ገና ሲፀነስ ተበላሽቷል። ልጁ ሳይፈጠር እንግዴ ልጁ ብቻውን አደገ፤ እንደ ወይን ዘለላ ውሃ የቋጠሩ ፍሬዎች ሆኖ ማህፀንሽን ሞላው። ሆድሽ ከወሩ የቀደመው፣ እንዲህ የሚያስታውክሽ፣ ልብሽ የሚመታው በሱ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም። ማህፀንሽ ቶሎ መጠረግ አለበት፤ ግፊትሽም ከፍ ብሏል።»

ካውያ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እጠረጋለሁ። መጀመሪያ ግን እነዚያን ሰዎች ጥሪና ይሄንኑ ንገሪልኝ፤ ከአንቺ አፍ ይስሙት።»

ሾፌሩና እናቱ ተጠርተው መጡ። ዶክተሯ ሁሉንም ደግማ አስረዳችና «በሆዷ ትልቅነት ወር መቁጠር አይቻልም» ብላ ጨረሰች። ሾፌሩ ግድግዳውን ተደገፈ። አማቷ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣

«እንግዲያው ልጅ የማይሆን ነገር የሚያፈራ ማህፀን ነው ያገባው ልጄ» አሉ።

«እማማ፣ ውጭ ይጠብቁ» አለች ዶክተሯ፣ በሩን ራሷ ከፍታ።

ማህፀኗ በማግስቱ ተጠረገ፤ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ደም ተሰጣት። ስትነቃ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«እናትህ ከዚያ ቤት ይወጣሉ ወይስ እኔ ልውጣ?»

«እናቴን የት ልጣላት?»

«ጣላቸው አላልኩም። እህትህ ሰፊ ቤት አላት።»

እሱ ግን እናቱን ከቤት አላስወጣም። ካውያ ከሆስፒታል ስትወጣ ቀጥታ አጣቢዋ ቤት ገባች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ለክትትል ደም እየሰጠች ስትመላለስ መጀመሪያ ሲወርድ የነበረው የእርግዝና ሆርሞን ተመልሶ ወጣ። የበሽታው ርዝራዥ አልጠፋም ማለት ነው፤ ርዝራዡን የሚያጠፋ መርፌ ታዘዘላት። መድኃኒቱ አፏን አቆሰለው፤ ውሃ ስትውጥ እንኳ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ሾፌሩ ረጅም መንገድ ትቶ ከተማ ውስጥ የሚያሠራ መኪና ያዘ። በየቀጠሮዋ ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማል። ሰላም አትለውም። አንድ ጠዋት ግን ራሷን አዙሯት ደረጃው ላይ ስትንገዳገድ ክንዷን ያዛት፤ ልቀቀኝ አላለችም። «እናቴ ከቤት ከሄደች ሰነበተች፤ እህቴ ጋ ናት» አላት ቀስ ብሎ።

ደሟ ንጹህ ሲሆንና ክትትሉ ሲያበቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አማቷ በምራታቸው እንደተባረሩ ለአገሩ ሁሉ ሲያወሩ ከርመው አንድ እሑድ መጡ።

«ያለፈው አለፈ። እኔ እኮ ለልጄ ብዬ ነው» አሉ።

«እኔ ደግሞ ለራሴ ብዬ አልረሳውም» አለች ካውያ። «ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ። ከዚያ በላይ ግን ከእኔ አይጠብቁ።»

ሻዩን ጠጥተው ሄዱ።

ዶክተሯ ከፈቀደችላት በኋላ ካውያ ዳግም ፀነሰች። በመጀመሪያው ምርመራ የልብ ምቱን ሰማች፤ ለአጣቢዋ ነገረች፣ ከዚያ ለባሏ። አማቷ የሰሙት ከጎረቤት ነው።